የተቃጠለው የኒሴ አፍንጫ

ኢንግቪልድ የልጅ ልጄ፣

የበረታችን ጠባቂ መንፈስ ኒሴ መልኩ ሲበላሽ ይቀየም ይሆን? ከተቀየመ የላሞቹን ጭራ እርስ በርስ ያስራል ይባላል።

ከእንጨት የጠረብሽለት ምስል ላይ ያለው የፖሊመር ጭቃ አፍንጫ ኦቨን ውስጥ ቶሎ አልጠነክር ቢለኝ፣ ሙቀቱን ዳቦ እስከሚጋገርበት ድረስ ከፍ አደረግሁት። አፍንጫው ከሰል ሆኖ አረፈው። እንጨቱ ደህና ነው።

መስኮቶቹን ከፍቻለሁ፤ ጢሱ ሳይወጣ ወጥ ቤት እንዳትገቢ። ከእንግዲህ የጭቃው ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ሙቀት አናልፍም።

ምስሉን ያስቀመጥሽበትን የኬክ ትሪዬን ግን ለጭቃ አትንኪ ብዬሽ ነበር።

አዲስ ጭቃ ልገዛልሽ መሄዴ ነው።

ኒሴው እንዳይቀየም ገንፎ ሠርቼለት ቅቤ አብዝቼበታለሁ። አያትሽ ጠዋት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ለተረት ገንፎ?» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ይኸው አሁን የቃጠሎው ሽታ ቢደርሰው፣ የገንፎውን ሳህን አንሥቶ ለኒሴው ሊያደርስ ወደ በረቱ ወጣ።