ቢሮዎ ውስጥ ስለሚበርደው ምድጃ

ለተከበሩ የጡብ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ፤ ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ብርሃን አብዝቶ ይስጥልኝ። ስለ ጎረቤቴ፣ ሰፈሩም ፋብሪካውም «ረመጥ» ስለሚለው የምድጃ ሠራተኛዎ እስካሁን አልጠየቁም እንጂ ቢጠይቁ ኖሮ እንዲህ ብዬ እነግርዎ ነበር፦ የአንገቱ ቁስል መድረቅ ጀምሯል፤ ቀኝ ክንዱ ግን እስከ ብብቱ እንደታሰረ ነው። ትንሿ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጎርሰዋለች፤ «አባዬ፣ ካልበላህ ለእማዬ እነግራለሁ» እያለች በራሱ አባባል ታስፈራራዋለች። ባለቤቱ እኛ ፊት አታለቅስም።

እኔ የፋብሪካውን ቱታ የማጥበው ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስህተት ቢያገኙብኝ እንደ ልማድዎ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ። በግልጽ ጽፌ የፋብሪካው በር ላይ የምለጥፈው በፖስታ የሰጠሁዎት ሁለቱ ደብዳቤዎች እንደታሸጉ ስለቀሩ ነው። አቤቱታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር ይወዳሉና።

አንደኛ፤ ከምድጃው የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ ወደ ጡብ ማድረቂያው የሚወስደው ቱቦ መሃሉ ላይ የሙቀት መለኪያ ዘንግ ነበረው። እርስዎ ቁጥሩን ከወንበርዎ ሳይነሡ ማየት ፈለጉ፤ ማሳያው ወደ ቢሮዎ ተዛወረ፤ ሽቦው ግን አጠረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሽቦ ይቀጥል ነበር፤ እርስዎ ዘንጉን አስነቅለው ለቢሮዎ በሚቀርበው በኩል፣ ወደ ቱቦው ቀዝቃዛ አየር ከሚገባበት በር አጠገብ አስተከሉት። ስምንት መቶ ዲግሪ የነበረው በዚያው ዕለት አራት መቶ ሃምሳ ሆነ። ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ እሳት ስላበረዱ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ የድስቴን ሙቀት ለማወቅ ጣቴን በመስኮት አውጥቼ አላውቅም፤ ስላልተማርኩ ይሆናል። የፋብሪካው መለኪያ ጠጋኝ እንዳስረዳኝማ ዘንጉ መሃል ላይ ሆኖ እንኳ ሙቀቱን ቀዝቀዝ ላለው የቱቦ ግድግዳ ስለሚለግስ ከእውነቱ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ አዋቂ ሰው ከቁጥሩ ላይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛ፤ አሮጌው ቱቦ ሙቀት የሚችል ብረት ነበር። ሲያረጅ «ለአራት መቶ ሃምሳ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» ብለው በተራ ላሜራ አስቀየሩት። በወሩ ከቱታዎቹ ኪስና እጥፋት ጥቁር የብረት ቅርፊት ይራገፍልኝ ጀመር፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር። ረመጥን ብጠይቀው «እትዬ፣ ቱቦው ነው፤ እሳቱ እየላጠ እየበላው ነው» አለኝ። ጣሳ ሙሉ ይዤ ብመጣ ጸሐፊዎ «የልብስ ቆሻሻ ቢሮ አይገባም» አለችኝ። ስለ ንጽሕናዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ረመጥ ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ያየ ሰው ነው፤ ከጋለ ብረት ቀለም ሙቀቱን ይናገራል። ቱቦው እንደ በሰለ ቲማቲም መቅላቱን በጽሑፍ ሲያመለክት ማመልከቻው ራስጌ ላይ «ዓይን መረጃ አይሆንም» ብለው ፈረሙበት። ማን ያውራ የነበረ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለካ እርስዎ ዘንድ የሚያወራው የተቀመጠ ነው።

ለቀጣዩ ነገር ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ከሁለት ሳምንት በፊት ረመጥ ቱቦው ቀልቶ ሲያብጥ አየና ማድረቂያው ውስጥ ያሉትን ሰባት ሴቶች «ውጡ!» ብሎ ጮኾ የቀዝቃዛ አየሩን በር ሊከፍት ሮጠ። ላሜራው ተቀደደ፤ ጋዙ ገረፈው። ሴቶቹ ወጡ። እርስዎ ደግሞ በሦስተኛው ቀን፣ መለኪያው መደበኛ ሙቀት እያሳየ ያለ ትእዛዝ ወደ ቱቦው በመጠጋቱ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ እስከ ፊታችን አርብ ካልፈረመ ከሥራ እንደሚሰናበት ጻፉለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዎን እንዲያነሡለት፣ ዘንጉን መሃል እንዲያስገቡ፣ ቱቦውንም ሙቀት በሚችል ብረት እንዲያሠሩ በትሕትና እለምንዎታለሁ። ይህ ካልሆነ አርብ ዕለት እርስዎ ራስዎ ቱቦው ላይ ደገፍ ብለው ያስፈርሙት፤ ሙቀቱ መደበኛ ነውና አይፈጅዎትም።

የሁሉንም ቱታ የማጥብ፣ የእርስዎን ግን አንድም ቀን ስላላቆሸሹት አጥቤ የማላውቅ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣
ልብስ አጣቢዋ

ተጨማሪ፦ ይህን ልለጥፍ ከረመጥ ቤት ልወጣ ስል ፎርማኑ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አዲስ ላሜራ ተገጥሟል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አንተ ቀለሙን ሳታይ የምድጃው ሙቀት ከፍ እንዳይል ብለዋል። መኪና ውጭ ቆሟል፤ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለው። የዋሁ ጎረቤቴ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ባለቤቱ «ተቀመጥ!» አለችው፤ ወደ ፎርማኑም ዞራ «ወንድሜ፣ አርብ ለምታባርሩት ሰው ሐሙስ መኪና ትልካላችሁ? ሂድና የላኩህን እፈሩ በልልኝ» አለች። ፎርማኑ ብርቱካኑን አስቀምጦ ወጣ። በሩ ላይ ስሸኘው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔማ የመጣሁት ተልኬ ነው፤ ምድጃው ገና አልተለኮሰም። የምድጃው ልጆች ሁሉ እሱ ካልተመለሰ ክብሪት አንነካም ብለዋል፤ እኔም ብያለሁ» አለኝ።