ከአንገት ወርዶ ቀዳዳ ስላጣው ብር

ለክቡር አቶ ጉግሳ፤
የደቡብ ቆላ የጥንት ሳንቲም ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የማኅበሩ የቴሌግራም ጨረታ መሪ፣ እንዲሁም እስከማውቀው ድረስ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፤
ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የነገሌ ሙቀት፣ አቧራውና የኔትወርኩ መቆራረጥ ሳይደፍርዎት ይህ ጽሑፌ በሙሉ ጤንነትና በተለመደው ግርማዎ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ አዳነ፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርና የማኅበርዎ አባል፣ ከጥቂት እንቅልፍ ማጣትና ከአንድ ብር በስተቀር ደኅና ነኝ።

የማኅበሩ የሳንቲም መርማሪ አድርገው እንደሾሙኝ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ከመርማሪው ማኅተም ጋር ደርሶኛል። ይህን ወንበር ስመኝ መኖሬን ከተማው ያውቃል። ወንበሩን ለፋርማሲው ባለቤት ለሥዩም የሰጡት ጊዜ ቀንቻለሁ፤ ቃሉን ማሽሞንሞን አልፈልግም፣ ቀንቻለሁ። እሑድ እሑድ ያንን ከሞያሌ ማዶ ያስመጣውን ባለ መብራት አጉሊ መነጽር ይዞ በቀጥታ ሥርጭት ሲቀርብ ከክብረ መንግሥት እስከ ዶሎ ኦዶ ያለ አባል ሁሉ ያየው ነበር፤ ባለቤቴ የዓለምወርቅም የያዘችውን ሥራ ትታ አጠገቤ ትቀመጥና «እንዴት ያለ ዐዋቂ ነው!» ትለኝ ነበር፣ እኔ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ሥዩም ገና ፊደል ሳይቆጥር መሆኑን ረስታ። እንግዲህ ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት፣ እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፦ ባለፈው ወር ለጨረታ ያቀረቡትን የምኒልክ ብር «ከአንዲት የቦረና እናት አንገት የወረደ፣ እጅ ያልነካው፣ ሙሉ» ሲሉ ማስተዋወቅዎ ይታወሳል። ፎቶው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከፊት ለፊት፣ ጥላ ውስጥ የተነሣ። ማኅበራችን ገና ሲቋቋም ለጨረታ የሚቀርብ ብር ሁሉ የጠርዙ ፎቶና ሚዛን ላይ ያለበት ፎቶ አብሮ እንዲለጠፍ ተስማምተን ስለነበር እኔም በትሕትና የጠርዙን ጠየቅሁ። እርስዎም ሻጩን መጠራጠር ከአንድ አንጋፋ መምህር የማይጠበቅ ነውር መሆኑን በሁሉም ፊት አስረዱኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሥነ ምግባሬን ስላረሙልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ በዚያው ዕለት ሥዩም በማኅበሩ ገጽ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንደነበረና እርስዎም ብዙ ሰው ሳያየው በፍጥነት እንዳነሡት ኋላ ሰማሁ። የአባላትን ዓይን ከብዙ ንባብ ለመጠበቅ ያሳዩት ትጋት የሚደነቅ ነው። ሥዩም ግን ጽሑፉ ሲጠፋበት ስልክ ደወለልኝና «ጋሼ አዳነ፣ ይተዉት ይቅርብዎ፤ ከዘውዱ አጠገብ ቀዳዳ ተደፍኖበታል» አለኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ወዲያው ዋጋ ጨመርኩ። ለምን ቢሉኝ፣ ብሩን ለራሱ ሊያስቀረው ነው ብዬ ነው። ከእኔ ቀድሞ ወንበሩን የወሰደ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ስሙ የሚወደስ ሰው፣ ለእኔ መልካም ሊያስብ ይችላል ብሎ ማመን አቃተኝ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ጨረታውን አሸነፍኩ። ባለቤቴ ደብዳቤዎቼን ስለምታነብ ዋጋውን እዚህ አላነሣውም።

፫ኛ፦ ብሩ ደረሰ። እንደ ሙሽራ ከጥጥ አውጥቼ ለየዓለምወርቅ አሳየኋት፤ ከየት እንደተገኘ ስትጠይቀኝም የእርስዎን ማስታወቂያ በኩራት አነበብኩላት። እሷም አገላብጣ አየችውና «ታዲያ ሴትየዋ በምን አንጠልጥላው ኖሯል?» አለችኝ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎም እኔም እዚህ አገር ተወልደን ያደግን ነን። አባቶቻችን በጦር ሠራዊቱ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ቢሆኑም፣ በገበያ ቀን የሚያልፉትን እናቶች አንገት እያየን ነው ያደግነው። እዚህ አገር አንገት ላይ የዋለ ብር ወይ ይበሳል፣ ወይ ማንጠልጠያ ይበየድበታል፤ ክር በተአምር አይገባም። «ከአንገት የወረደ» እና «ሙሉ» የሚሉት ቃላት በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ መሳቅ የነበረብኝ እኔ ዋጋ ጨመርኩበት።

ከዚያ በኋላማ ማየት ቀላል ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ብሩን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት ሳደርግ ከዘውዱ አጠገብ ክብ መስመር ወጣ። እዚያ ያለችው ፊደል እንደ አዲስ ተቀርጻ ከጓደኞቿ ቀጥናለች። ጠርዙ ላይ በዚያው አንጻር ያሉት ጥርሶች በሞረድ የተሠሩ ናቸው። ድንጋይ ላይ ስጥለው ደግሞ እንደ ብር መጮኹን ትቶ እንደ ቆርኪ ድም አለ። የዓለምወርቅ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለችና «ሥዩምን ጠይቀኸው አልነበረም?» አለች። እኔም ብሩን አንሥቼ ወደ ጥጡ መለስኩት።

፬ኛ፦ ሥዩምን «የጨረታውን ሞቅታ ያቀዘቅዛል» ብለው ከመርማሪነቱ አነሡት፤ በማግስቱም እኔን ሾሙኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልዋሽዎት አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ይህን ያህል ዘመን ሲያልፉኝ ኖረው ዛሬ ለምን እንዳስታወሱኝ ማሰብ ጀመርኩና ጥበብዎ ገባኝ። የጠርዝ ፎቶ ጠይቆ ሲከለከል ዝም ያለ፣ ስልክ ተደውሎለት ያልሰማ፣ የተደፈነ ቀዳዳ በእልህ የገዛ ሰው አገኙ። አይቶ የማያይ መርማሪ ከሞያሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ቢያፈላልጉ ከእኔ የተሻለ አያገኙም ነበር። ሹመት በችሎታ መሆን አለበት የሚለውን መርሕዎን ስላከበሩ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ።

ትናንት በፋርማሲው በር ሳልፍ ሥዩም ለአንዲት እናት መድኃኒት አወሳሰድ እያስረዳ ነበር። ሲያየኝ እንደ ወትሮው ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ናጋ? ቤት ሰላም ነው?» አለኝ፤ ስለ ብሩም ስለ ወንበሩም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ነግሬዎት ነበር ቢለኝ እንዴት በተሻለኝ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሱ ሲሾም አልበላም፣ ሲሻርም አልቆጨውም። ወንበሩ እኔ ጋ ነው፣ ማኅተሙ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ የከተማው እምነት ግን እዚያው መድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቀርቷል። እንደገና ቀናሁበት፤ የአሁኑ ከበፊቱም ይብሳል።

በመጨረሻም፣ የጎደለውን ሁሉ ሞልተው ለማቅረብ የማይታክቱት እጆችዎ እንዳይደክሙ፣ ጨረታዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ጥያቄ የሚያበዛ አባልም በደጅዎ እንዳያልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ተሿሚ፣
አዳነ
ነገሌ ቦረና

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማኅተሙ ሥራ ጀምሬበታለሁ። የመጀመሪያ ምርመራዬን በራሴው ብር ላይ አድርጌ፣ «ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ይህንንም ቀድሞ ያወቀው ሥዩም ነው» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ፣ ከጠርዙ ፎቶ ጋር ገበያው በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፌዋለሁ፤ እዚያ ያለውን ከስልክዎ ላይ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤዬን በጉጉት እጠብቃለሁ። ለሥዩም ሙሉ ገጽ ጽፈውለታል አሉ፤ አደራዎን፣ የእኔ ከእሱ እንዳያጥር።