ልጄ ጃንዋሪን ስትጠብቅ

ለተከበሩ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቱ የአባላት ጉዳይ ኃላፊ፣
ዙሪክ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ምናልባት ቢታመሙም ሕመሙ የውሉን ቀን ጠብቆ እንዲመጣልዎ እጸልያለሁ።

ባለፈው ዲሴምበር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከዙሪክ ርቄ ግራንድ ሳኮኔ የማጸዳው ቢሮ ደረጃ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። እዚያው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ትኖር የነበረችው ልጄ ኤዶም ጨጓራዋ ተበስቶ በሃያ ስድስት ዓመቷ ማረፏን ሰማሁ። ሽማግሌ ሰብስቦ መርዶውን የሚነግረኝ አልነበረም። እኔም ከሩቅ ሆኜ ምስጋናዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

፩. አማካሪዎ በምሳ ሰዓት ዲቲኮን ድረስ ልጄ ወደምትሠራበት መጋዘን መጥተው ትልቁን ፍራንሺዝ ስለመከሩልን አመሰግናለሁ። ወርሃዊ ክፍያው ይቀንሳል፤ የታመመ ግን በመጀመሪያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ ከኪሱ ያወጣል። ጀርመንኛ ያነባል የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ ተሻገር ሲፈርም ሐበሾቹ ሁሉ ተከትለው ፈረሙ።

፪. ኦክቶበር ላይ ሆዷን ሲያማት ከኪስ ጥቂት የሚያስወጣውን ትንሹን ፍራንሺዝ መርጣ ጻፈችላችሁ። ከጃንዋሪ አንድ በፊት እንደማይጀምር ስላስታወቃችኋት፣ ሥርዓት አክባሪ ነበረችና ሐኪም ሳታይ ጠበቀች። የነቢያት ጾም ሲገባ እኔም «ባዶ ሆድ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ ይሻልሻል» አልኳት። ይህኛው የእኔ በደል ነው፤ በእናንተ ላይ አልጽፈውም።

፫. አርባዋ ሳይወጣ፣ የተሻለ ሽፋን በመምረጧ የሚያመሰግን ደብዳቤ በስሟ ስለላካችሁ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

፬. ዘንድሮ ለሁላችን በላካችሁት ማስታወቂያ፣ ክፍያው የጨመረው ጤነኛ ሳሉ ርካሹን፣ ሲታመሙ ውዱን በሚመርጡ አባላት ምክንያት ነው ብላችኋል። ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ኤዶም ግን በአዲሱ ዕቅዷ አንድ ሳንቲም አላስወጣቻችሁም።

ክቡር ሆይ፣ እዚያው መጋዘን ዛሬም ሕመሟን ይዛ ጃንዋሪን የምትጠብቅ ልጅ አለች። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ለምናኛለች። የታመመ ሰው ቀን እንዳይጠብቅ፣ የሐኪሙንም ዕዳ በየወሩ ቀስ እያለ መክፈል እንደሚችል፣ እባክዎ በቅጹ ላይ የወርሃዊ ክፍያውን ቅናሽ በጻፋችሁበት ትልቅ ፊደል ይጻፉልን።

ወርሃዊ ክፍያዋን አንድም ቀን ያላሳለፈች፣
ሕብስት፣ የኤዶም እናት

ተጨማሪ፦ ለእርስዎ የኤዶም የአባልነት ቁጥር ይበቃል፤ እስካሁንም የምትጽፉላት በእርሱ ነው። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ የምታነቡ ወገኖቼ ግን፣ የሚያማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። የልጄ የክርስትና ስም ወለተ ኪዳን ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።