የይበልጣል ካባ

ረቡዕ

አልሄድም አልኩት። ከዞን የመጣው ሰውዬ፣ አቶ ሙሉቀን፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሟቹን ልጄን ዶክተር ይበልጣልን ሊሸልሙት ነው። በሕክምናውም በምርምሩም ላቅ ያለ ሥራ ስለሠራ እሑድ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ውስጥ ካባ ይደረብለታል አለኝ።

የሞተ ሰው ትከሻ የለውም አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይለብሱለታላ!»

እኔ ምን ሠርቼ? ፊደል ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ገበሬ ነኝ። ያልሠራሁበትን ካባ አልለብስም።

 ሲመሽ ባለቤቴ ተዋበች «ድንጋይ!» አለችኝ።

ሐሙስ

ይበልጣል ወደ ገጠር ለሥራ ሲወጣ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው። እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ያክም ነበር። በገዛ እጁ በሳሙና ያጥባቸዋል፣ ቅባት ይቀባቸዋል፣ ጫማ ያለብሳቸዋል። ከየማሳቸው አፈር እየዘገነ በላስቲክ ይቋጥራል።

«ተምረህ ተምረህ ጭቃ ትለቅማለህ?» ስለው ይስቅ ነበር። «አባባ፣ በሽታው እርግማን አይደለም። በባዶ እግር የሚረግጡት አፈር ነው የሚያመጣው። ይህን ሳላሳይ አላርፍም።»

ጽሑፉ ውጭ አገር ድረስ ታተመለት። ግን ያጠባቸው ሰዎች ለቀብሩ አልመጡም። አንድም አላየሁ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እነሱ ካላለቀሱለት የሹማምንት ጭብጨባ ምን ያደርግለታል?

ዓርብ

ዝናብ። ምንም አልሠራሁም።

ቅዳሜ

ቡሬ ገበያ ወረድኩ። በርበሬ የምትሸጥ ሴት «የዶክተሩ አባት!» ብላ ተነሥታ እጄን ሳመች። ጥሩሰው ትባላለች። ያበጠ እግሯ ሰፊ ጫማ ውስጥ ነው። ይበልጣል ነው ያከማት።

«ታዲያ በቀብሩ የት ነበርሽ?» አልኳት፣ ቆጣ ብዬ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነበርን ጋሼ። እኛ ከሰው መሀል መቼ እንቆማለን? ሸተቱን ይሉናል። እዚያው ሆነን አለቀስን።»

«ብዙ ነበራችሁ?»

«ቅጥሩን ዞረነው ነበር።»

በርበሬ ሳልገዛ ሄድኩ። ለሙሉቀን ስልክ ደወልኩ። እመጣለሁ፤ የፊት ወንበር ግን ለበሽተኞቹ ይሁን አልኩት።

«ጋሼ፣ የፊቱ እኮ የክብር እንግዶች ነው።»

«እነሱ ናቸው እንግዶቹ።»

«ፕሮግራሙ ታትሟል!»

«እንግዲያው ካባውን ለፕሮግራሙ አልብሱት።»

ዘጋሁበት። ተመልሼ ለጥሩሰው ነገርኳት። ትመጣ አትመጣ እንጃ።

እሑድ

መጡ። ጥሩሰው አስከትላቸው ገባች። አንዳንዱ እግሩን በጋቢው ይሸፍናል። ሙሉቀን ላብ እያጠመቀው ሁለት ረድፍ አስለቀቀልን።

ስለ ይበልጣል ብዙ ተነገረ። እኔ ስጠራ ካባውን ሊያለብሱኝ ዘረጉት። ተቀበልኳቸው። ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ እንደሚወጣው በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። አዳራሹ ማጨብጨብ ጀመረ።

ጥሩሰው ደረቷን መታች። «ያልተጸየፈን! እግራችንን ያጠበ!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም ተነሡ። ጭብጨባው ቆመ። ሐኪሞቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሙሉቀን በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሽልማት እኮ ነው፣ ለቅሶ አይደለም» አለኝ።

«ቅጥር ውስጥ ገና ዛሬ ገቡ፤ ተዋቸው» አልኩት።  በቀብሩ ቀን ያልመጣ እንባ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጣ።

ቤት ገብቼ ካባውን ይበልጣል ኮቱን ይሰቅልበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ተዋበች አየችኝና «ድንጋዩ ረጠበ» አለች። 

እሱ የለቀመው አፈር በየላስቲኩ እንደተቋጠረ አልጋው ሥር ነው። ማን ከፍቶ እንደሚመረምረው አላውቅም። ልጥለውም አልችልም።