ከጎራዴ የተቆረጠው ማጭድ፦ የመምህር መንግሥቴ አለኸኝ የሕይወት ታሪክ

መምህር መንግሥቴ ከአባታቸው ከአቶ አለኸኝ ባየህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንቺ ክንዴ በ1950 ዓ.ም. በፎገራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በወረታና በደብረ ታቦር ተከታትለው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በወረታ ታሪክ አስተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ እናኑ ማናዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሀይለየሱስንና ቢታንያን ወልደዋል።

በ1976 ዓ.ም. ሩዙ ደርሶ ማጭድ ሲያጥር፣ የዛገውን የአባታቸውን ጎራዴ ከምሰሶው አውርደው ለብረት ቀጥቃጭ ሰጡ። ቀጥቃጩም እሳት ሳያስነካ ጫፉን ቆርጦ እጀታ አበጀለት፤ የተረፈውን ብረት ለድካሙ ዋጋ ወሰደ። አባታቸው ከገበያ ሲመለሱ ማጭዱን አገላብጠው አይተው፣ «በል እንግዲህ፣ እጨድበት» አሏቸው። በ1979 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ፣ እንደ አገሩ ወግ የሟች ልብስና መሣሪያ ለቅሶው ላይ ወጣ፤ ከጎራዴው የወጣው ግን ባዶ አፎቱ ነበር። ያ ቀን ከመምህር መንግሥቴ ልብ ወጥቶ አያውቅም።

በ1986 ዓ.ም. ጣራ ገዳም ሊሳለሙ ሄደው ሳለ፣ አንድ መነኩሴ የቆየ ጎራዴ በሎሚ ሲያሹ አዩ። ጥቂት ቆይቶ ከብረቱ ላይ ሞገድ የመሰለ መልክ ወጣ። አባም፣ «የህንድ ብረት ነው ልጄ፤ ድሮ ነጋዴ በባሕር ያመጣው። መልኩ ከሆዱ ነው፤ ቢሞርዱትም ይመለሳል» አሏቸው። ቤታቸው ገብተው ማጭዱን በሎሚ ቢያሹት ያው ሞገድ ወጣ። ተቀምጠው አለቀሱ፤ ማጭዱም ከዚያ ወዲያ ሩዝ አላጨደም።

ከሐሙሲት እስከ ወንዛዬ ጎራዴ ፍለጋ ያልገቡበት ቤት የለም። ሠርግ ቢጠሩ ከሙሽራይቱ በፊት የሚያዩት ምሰሶውን ነበር፤ ወይዘሮ እናኑም «ሎሚው ሁሉ ለጎራዴ አለቀ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ማጭድ ሊሆን የተዘጋጀውን ጎራዴ፣ በምትኩ አዲስ ማጭድ ሰጥተው ይረከባሉ፤ ሞገዱ ላዩ ላይ ብቻ የተሳለበትን ከእውነተኛው ለይተው፣ ዘይት ቀብተው ያኖራሉ። ከባለቤቱ ወገን ሰው ሲሞት ግን ጎራዴውን ራሳቸው ይዘው ለቅሶው ላይ ይደርሳሉ። ድካማቸው ሁሉ ከማንም ቤት ባዶ አፎት እንዳይወጣ ነበር።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ጎራዴዎቹ ለየባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ ተናዝዘው ነበርና፣ እነዚያ ቤተሰቦች ዛሬ ጎራዴያቸውን ይዘው ከአስከሬናቸው ፊት ቆመዋል። ልጃቸው ሀይለየሱስ የያዘው የአያቱን አፎት ነው። ማጭዱ ገብቶበታል፤ አፎቱ ዛሬ ባዶ አይደለም።

አምላክ የመምህር መንግሥቴን ነፍስ ከአባታቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።