ያላለቀው ሰፌድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

እየጠፉ ስላሉ የስፌት ሣሮች ጀጎል ውስጥ ወደተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ተመልሼ ሄድኩ። እሁድ በወጣው ዘገባዬ፣ ግማሹ ብቻ የተሰፋውን ሰፌድ «ለመክፈቻው ሳያልቅ የቀረ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰፊዋን አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ አዴ ዘሃራን ጠየቅኋቸው።

«ወላሂ፣ እጄ መች ሰነፈ? ድሬ ጠያራ ገጠር አክርማ ሣሩ ጠፍቶ ነው እንጂ። ሰው አይቶ ይደንግጥ ብዬ እንዲሁ ሰቀልኩት።» ከዚያ ጋዜጣውን ከጉያቸው አወጡ። «እኔ ፊደል አላውቅም። ምን ብለህልናል?»

አነበብኩላቸው። ያችን ዐረፍተ ነገር ዘለልኳት።

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። በል ከሰፌዱ አጠገብ ለጥፍልኝ፤ ሰው ያንብበው።»

ሠላሳ ዓመት ጋዜጠኛ ነኝ። በገዛ እጄ ለጠፍኩት።