ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ ስልክ

ቁጥር፦ የለውም፤ የደብዳቤ መዝገቡም አብሮ ተቆልፏል
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.
ለ፦ ሦስት ስም ላለው የሶፍትዌር ፈቃድ አቅራቢ ድርጅት፣ የሽያጭ ክፍል
ባላችሁበት
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናችሁ እንዴት ነው? ሥራችሁስ እንደተለመደው ይሳካል? እኛ በሆሳዕና ከተማ፣ ክረምቱ በሰላም አልፎልን፣ ከኮምፒውተሮቻችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት እናንተን በሰው ፊት ለማሳጣት እንዳይመስላችሁ። ሦስት አድራሻ ሰጥታችሁን በሦስቱም የሚገኝ ሰው ስለጠፋ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ኢንተርኔት ቤት ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ምናልባት መንገድ ያመጣው ዘመዳችሁ ያነብላችኋል ብዬ ነው።

እኔ ጠና ሀንዲሶ እባላለሁ። በከተማችን ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ኃላፊና የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። የኮምፒውተር ሥልጠና ሰርተፊኬቴ በመስታወት ተደርጎ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል፤ ባለጉዳይ ከእኔ በፊት እሱን እንዲያይ ብዬ ራሴ ነኝ የሰቀልሁት። ለሰባት ዓመት ያህል በኮፒ ፕሮግራም ስንሠራ አንድም ቀን ሌባ ደጃችን አልደረሰም። እንግዲህ ሕጋዊ እንሁን ብዬ ኮሚቴውን የሰበሰብሁ ዕለት ከእናንተ ጋር ተዋወቅን። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ኢንተርኔት ላይ «የዕድሜ ልክ ፈቃድ፣ በእጅጉ የቀነሰ፣ ዛሬ ብቻ» የሚል ማስታወቂያችሁን አይቼ ፕሮፎርማ እንድትልኩ ስጠይቃችሁ ሰዓት ሳይሞላ ላካችሁ። የመንግሥት ግዥ የሦስት ተወዳዳሪዎችን ፕሮፎርማ እንደሚጠይቅ በአክብሮት ባስረዳኋችሁ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ሰምቼያቸው ከማላውቅ ሁለት ድርጅቶች፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ሁለት ፕሮፎርማ ደረሰኝ። ሦስቱም ክብ ማኅተም ነበራቸው። እኔ ደግሞ ክብ ማኅተም ሳይ ጥያቄዬን ሁሉ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ከየት እንዳወቃችሁብኝ ዛሬም ይገርመኛል። የስልክ ቁጥሩ በሦስቱም ላይ አንድ መሆኑን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን አቶ አሳምነው አይቶ ጠቁሞ ነበር። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ አሰፈርሁ፦ «ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ስልክ መገኘታቸው ለግንኙነት ምቹ ሆኖ ስለተገኘ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።» ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኔ ግን ሞፈሩን ቆርጬ፣ ልጬ፣ በቃለ ጉባኤ አስደግፌ ነው ያስረከብኋችሁ።

2. ክፍያው እንደደረሳችሁ የፈቃዱን ቁጥርና አንድ ፋይል ላካችሁ። መመሪያችሁም ፋይሉን ከመክፈታችን በፊት የኮምፒውተሩን ጸረ ቫይረስ እንድናጠፋ የሚያዝ ነበር። አንድ እንግዳ ደጃችን ቆሞ «መጀመሪያ ዘበኛውን ወደ ቤቱ ስደዱልኝ» ቢል፣ እንኳን እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ይጠረጥራል። እኔ ግን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ፣ አንድ በአንድ፣ መመሪያውን ጮክ ብዬ እያነበብሁ አጠፋሁት። ከምሳ ስንመለስ የሰባት ዓመት የተማሪ ውጤት እንዳለ ተቆልፎ ጠበቀን፤ በፍላሽ ያስቀመጥሁት ቅጂ ነበረ፣ እሱም እዚያው ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተቆልፏል። ስልካችሁም፣ የሦስታችሁም፣ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።

ኮምፒውተር የሚጠግንልን ነህምያ መጥቶ፣ አምራቹ ድርጅት የሕጋዊ ወኪሎቹን ስም በድረ ገጹ እንደሚያወጣና እዚያ የሌለ ሻጭ ፈቃድ እሸጣለሁ ቢል ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ነገረኝ። «ከመክፈልህ በፊት አይተሃል ወይ ጋሼ?» ሲል ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ሰርተፊኬቴን አየሁ።

3. ይህን ነገር በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ነስሩ የተባለ አባት ከሆመቾ መጣ። ልጁ ሀያት ዐሥረኛ ክፍልን ከእኛ ዘንድ ጨርሳ አዲስ አበባ በሚገኝ የጤና ኮሌጅ ስሟ ወጥቷል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ ያለ ትራንስክሪፕት አይቀበሏትም። «ሲስተም የለም» አልሁት። ነስሩ ቢሮዬን አንድ ዙር አይቶ፣ «ጋሽ ጠና፣ ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሆመቾ በእግሯ የተመላለሰችው እኮ ሲስተም ኖሮ አይደለም» አለኝ። ሀያት በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር፤ እጄን እጄን ነው ያየችው፣ አሁን ይሰጠኛል ብላ። አፈርሁ።

4. ይህኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ከሦስቱ ስማችሁ በአንዱ ዳኛ ብትልኩልኝ እዳኛለሁ። ኮምፒውተር የገባልን በ2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በእጅ የሚጻፈው የውጤት ሮስተር እንዲቀር፣ አሮጌዎቹም ተሽጠው አንጋጫ ገበያ በርበሬ እንዲጠቀለልባቸው አዘዝሁ። የማኅደር ሠራተኛችን ወይዘሮ ገነቴ ግን አሮጌዎቹን በጆንያ አድርገው ቤታቸው ወሰዱ፤ አዲሱንም ውጤት በየመንፈቁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በእጃቸው መገልበጣቸውን አላቆሙም። በ2003 ደረስሁባቸውና «የስክሪፕቶ ብክነትና ዘመናዊ አሠራርን ያለመቀበል» በሚል ማስጠንቀቂያ ጻፍሁባቸው። በክብ ማኅተም።

ያ ረቡዕ ወይዘሮ ገነቴ የነስሩን ነገር ሰምተው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ጆንያዎቹን በጋሪ አስጭነው ተመለሱ። የሀያት የሁለት ዓመት ውጤት፣ እስከ ስፖርት ትምህርት ድረስ፣ በሰማያዊ ስክሪፕቶ ተጽፎ ነበር። እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ በእጄ ጻፍሁ፤ እጄ ከኪቦርድ በቀር ስለረሳ ሁለት ቅጽ አበላሽቼ ሦስተኛው ላይ ተሳካልኝ። ሀያት ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተሳፈረች፤ ዓርብ ተመዘገበች።

ስለዚህ ምስጋናዬን ተቀበሉ። ለትምህርት ቤቱ ዳግመኛ የእጅ ጽሕፈት ስላስተማራችሁ፣ ለእኔም ከሰቀልሁት ሰርተፊኬት የበለጠ ሥልጠና ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ሦስቱንም ፕሮፎርማ ሳሳያቸው መርማሪው ረጅም ጊዜ አገላብጦ ካያቸው በኋላ «ማኅተሙ ግን ያምራል» ብሏል፤ ሙገሳው ለእናንተ ስለሆነ አስተላልፌያለሁ።

ሦስት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ለእያንዳንዱ ስማችሁ አንድ አንድ ጊዜ እጅ እየነሣሁ፣

ጠና ሀንዲሶ
የሪከርድ ክፍል ኃላፊ፤ የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢነቴን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅሁ
(ማኅተም ያላደረግሁት አውቄ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ብቻ ያለ ሽሙጥ፣ ከልቤ ላመሰግናችሁ አስቤ ነበር። በወይዘሮ ገነቴ ላይ የጻፍሁት ማስጠንቀቂያ ከቆለፋችኋቸው ፋይሎች መካከል ነበር፤ በማኅደር የነበረውንም ወረቀት ባለፈው ሳምንት ራሴ አውጥቼ ቀድጄዋለሁ። በዚህም የኔ ነውር ከዓለም ጠፋ ብዬ ተኝቼ ነበር። ትናንት የመጨረሻውን ጆንያ ስንዘረግፍ ግን ከ2003 ሮስተር ሥር ማስጠንቀቂያው ቃል በቃል፣ ቁጥሩና ቀኑ ሳይቀር፣ በሰማያዊ ስክሪፕቶ ተገልብጦ ተገኘ። ክብ ማኅተሙን እንኳ በእጃቸው ሥለውታል። ቀና ብዬ ሳያቸው ወይዘሮ ገነቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ ቦታው መለሱትና «ለሪከርድ ነው» አሉኝ።